የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፦ ፔሬስ፣ ጦርነቱ እና የ1996ቱ ምርጫ

ከአሽዶድ፣ ከሮቫ ቴት ነው የማናግራችሁ። የዛሬው ክፍላችን ታሪክ ነው። ቀኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ እዚህ አገር ያደግን ልጆች ያለዚያ መንገዱ ይጠፋብናል።

ትልልቆቹ የሚሏት አንድ ተረት አለች፦ «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል»። ሰው ሲጨንቀው በደህናው ቀን የማያደርገውን ያደርጋል ማለት ነው። እኔ ይቺን ተረት የምርጫ ሰሞን ነው ይበልጥ የማስታውሳት። በተለይ ምርጫው ከጦርነት ጋር ሲገጥም፣ በተለይ ደግሞ የሚወዳደረው ሰው ወንበሩ ላይ ያለው መሪ ሲሆን።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። በጦርነት መሀል ድጋሚ ምረጡኝ የሚል መሪ ጭንቅ ውስጥ መግባቱን በምን እናውቃለን? ብዙ ሰው በጩኸቱ ነው ይላል፤ በስድቡ፣ በፖስተሩ፣ በማስፈራሪያው። እኔ ግን አይመስለኝም። ጩኸትማ የሚያሸንፈውም ይጮኻል። ትልቁ ምልክት ሌላ ነው፦ መሪው የራሱን ቋንቋ ትቶ የተቃዋሚውን ቋንቋ መናገር ሲጀምር፣ የራሱን ሰዎች ደግሞ «እነሱ የትም አይሄዱም» ብሎ ሲረሳ። ይህን የሚያሳይ የ1996ቱን ምርጫ የሚያህል ምሳሌ እዚህ አገር አላውቅም። ያ ዓመት ደግሞ የኛም ዓመት ነው። ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ኖቬምበር 4 ቀን 1995 ይስሃቅ ራቢን ቴል አቪቭ አደባባይ ላይ ተገደሉ። ሺሞን ፔሬስ ቦታቸውን ያዙ፤ ጠቅላይ ሚኒስትርም የመከላከያ ሚኒስትርም ሆኑ። አገሩ ሐዘን ላይ ነበር። በሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ፔሬስ ሊኩድን ከሚመሩት ከቢንያሚን ናታንያሁ ወደ 20 ነጥብ ገደማ ይበልጡ ነበር። ያኔ ምርጫው በዚህ ሰው ይጠፋል ብሎ የሚወራረድ ብዙ አልነበረም።

ግን ምርጫው ገና ሳይጠራ አንድ ነገር ሆነ። ጃንዋሪ 24 ቀን 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ ወሬውን አወጣው፦ ማገን ዳቪድ አዶም ከኢትዮጵያውያን የሚቀበለውን የደም ልገሳ፣ ለሰጪዎቹ ሳይነገራቸው፣ ለዓመታት ሲጥለው ኖሯል። ምክንያት ተብሎ የቀረበው የኤች አይ ቪ ፍርሃት ነበር። አስቡት እስቲ። ወታደር ልጅ እጁን ዘርግቶ ደሙን ይሰጣል፤ «ቶዳ» ይሉታል፤ ሲወጣ ደሙን ይደፉታል። በኛ ባህል ደም ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ዘር ነው፣ ቤተሰብ ነው፣ ቃል ኪዳን ነው።

ከአራት ቀን በኋላ፣ እሁድ ጃንዋሪ 28፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ኢየሩሳሌም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ቆመ። ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ለብሰው፣ ወታደሮች ከነዩኒፎርማቸው። እሁድ ደግሞ መንግሥት የሚሰበሰብበት ቀን ነው። ፖሊስ ውሃና አስለቃሽ ጭስ ተጠቀመ፤ መስታወት ተሰበረ፤ ከፖሊስም ከሰልፈኛውም ብዙ ሰው ተጎዳ። መንግሥት ይቅርታ የሚመስል ነገር ተናገረ፣ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሃቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽንም አቋቋመ። የኮሚሽኑ ሪፖርት የወጣው ግን ከምርጫው በኋላ ነው። ይቺን ቀን ልብ በሉልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሰልፉ ከተደረገ ልክ በሁለት ሳምንቱ፣ ፌብሩዋሪ 11፣ ፔሬስ ምርጫው ከኦክቶበር ወደ ሜይ 29 እንዲመጣ ወሰኑ። ሒሳቡ ግልጽ ነበር፦ ነጥቡ ከፍ ባለበት ጊዜ ሕዝቡን መጠየቅ። ምርጫውም አዲስ ዓይነት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እስራኤላዊው ሁለት ፔቴክ ይዞ ወደ ካልፒ ገባ፤ አንዱ ለጠቅላይ ሚኒስትር፣ አንዱ ለክኔሴት። ስለዚህ ሰው ለሰው የሚደረግ ትግል ሆነ፣ ፔሬስ ወይስ ቢቢ።

ከዚያ ፒጉዓዎቹ መጡ። ፌብሩዋሪ 25 ጠዋት ኢየሩሳሌም ውስጥ 18 ቁጥር አውቶቡስ ፈነዳ። በዚያው ጠዋት እዚሁ ጎረቤታችን አሽቀሎን፣ ወታደሮች መኪና በሚለምኑበት ትራምፒያዳ ላይ የወታደር ልብስ የለበሰ አጥፍቶ ጠፊ ራሱን አፈነዳ። በሳምንቱ፣ ማርች 3፣ እንደገና 18 ቁጥር አውቶቡስ። በማግስቱ፣ የፑሪም ዋዜማ፣ ቴል አቪቭ ዲዘንጎፍ ሴንተር አጠገብ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ወደ 60 የሚጠጋ ሰው ሞተ። የሐማስ ሰዎች ጃንዋሪ 5 ጋዛ ውስጥ በስልክ ቦምብ የተገደለውን የሕያ ዓያሽን እንበቀላለን ብለው ነበር። የ20 ነጥቡ ብልጫ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ቀለጠ።

እንግዲህ ጭንቁ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው ምልክት፦ ዜማ መቀየር። ፔሬስ የኦስሎ ሰው ነበሩ። በ1994 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከራቢንና ከያሲር አራፋት ጋር ተካፍለዋል። ስለ «አዲሱ መካከለኛው ምሥራቅ» መጽሐፍ የጻፉ ሰው ናቸው። ምርጫው ሲቃረብ ግን የአቮዳ መፈክር «እስራኤል ከፔሬስ ጋር ጠንካራ ናት» ሆነ። ከኬብሮን ለመውጣት የተያዘው ቀጠሮ ወደ ምርጫው ማግስት ተገፋ። ጥንካሬ መጥፎ ነገር ነው አላልኩም፤ አውቶቡስ በሚፈነዳበት አገር ሰው ጥንካሬ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ችግሩ ምንድን ነው፣ ጥንካሬ የናታንያሁ ገበያ ነበር። ሰው ጥንካሬ መግዛት ከፈለገ ዋናው ሱቅ እያለ ለምን ከቅርንጫፉ ይገዛል? ፔሬስ በተቃዋሚያቸው ሜዳ፣ በተቃዋሚያቸው ኳስ መጫወት ጀመሩ።

በነገራችን ላይ ናታንያሁም ቋንቋ ተውሰው ነበር። የሳቸው መፈክር «አስተማማኝ ሰላም እናመጣለን» የሚል ነው። ሰላም የምትለዋን ቃል ከፔሬስ ወሰዱ፣ «አስተማማኝ» የምትለዋን ከራሳቸው ጨመሩ። ጎን ለጎን ደግሞ «ፔሬስ ኢየሩሳሌምን ይከፍላል» የሚለውን እየደጋገሙ ፔሬስን መልስ ሰጪ አደረጓቸው። ልዩነቱ ይኸ ነው፦ ናታንያሁ የራሳቸውን ሳይጥሉ ነው የሌላውን የጨመሩት፤ ፔሬስ ግን የሌላውን ሲያነሱ የራሳቸው ከእጃቸው ወደቀ።

ሁለተኛው ምልክት፦ የውጭ ሰው ትከሻ። ማርች 13 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። ቢል ክሊንተን፣ ሆስኒ ሙባረክ፣ ቦሪስ የልትሲን፣ የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሑሴን፣ አራፋት፣ ሁሉም በአንድ ፎቶ። ስሙ ሽብርን መቃወሚያ ነበር፤ ግን መሀል ላይ የቆሙትን ፔሬስን ከፍ እንዲያደርግ ታስቦ መሆኑን ማንም አላጣውም። ክሊንተን ከዚያው ወደ እስራኤል መጡ። በኤፕሪል መጨረሻ ደግሞ ፔሬስ ዋሽንግተን ሄደው የጸረ ሽብር ስምምነት ፈረሙ። ክሊንተን ከብዙ ዓመት በኋላ በእስራኤል ቴሌቪዥን ፔሬስን ለመርዳት መሞከራቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። ግን አያችሁ፣ 18 ቁጥር አውቶቡስን ለሚጠብቅ ሰው የክሊንተን ፎቶ ምን ይጨምርለታል? የውጭ ሰው አጨበጨበልኝ ማለት ከቤት ጭብጨባ ሲጠፋ የሚባል ነገር ነው።

ሦስተኛው ምልክት ከባዱ ነው፦ ጦርነትን እንደ ማስረጃ ማቅረብ። በኤፕሪል ሄዝቦላህ ወደ ሰሜን እስራኤል፣ ወደ ቂርያት ሽሞና፣ ካትዩሻ ይተኩስ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ሕዝቡ መጠለያ ውስጥ ነበር። ኤፕሪል 11 እስራኤል በሊባኖስ ላይ «የቁጣ ወይን» የተባለውን ዘመቻ ከፈተች። ምርጫው ሊደረግ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ኤፕሪል 18 የእስራኤል መድፍ ቃና በምትባል መንደር፣ ሲቪሎች የተጠለሉበትን የተባበሩት መንግሥታት ሰፈር መታ። ከ100 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት። ኤፕሪል 27 በአሜሪካ አደራዳሪነት ተኩሱ ቆመ።

እዚህ ላይ ሚዛናችንን እንጠብቅ። ዘመቻው ለምርጫ ብቻ ተደረገ የሚል ሰው የሰውን ልብ አንብቤያለሁ ማለቱ ነው። ካትዩሻውን ፔሬስ አልፈጠሩትም። ግን «ጠንካራ» የሚለውን መፈክር ያወጣ መሪ ካትዩሻ ሲተኮስበት ዝም የማለት ምርጫ አይኖረውም። መፈክሩ መሪውን ይመራዋል። ጭንቅ ማለት ይህ ነው፤ ውሳኔው ያንተ መሆኑን ለማሳየት ስትል ውሳኔው ከእጅህ ይወጣል።

አራተኛው ምልክት ለኛ ጆሮ የቀረበ ነው፦ የራስን ሰው መርሳት። የእስራኤል ዐረቦች ለፔሬስ እርግጠኛ ድምፅ ነበሩ። «ቢቢን አይመርጡ፣ ሌላ የት ይሄዳሉ?» ተባለ። ከቃና በኋላ ግን ከመሀላቸው «ነጭ ፔቴክ እናስገባለን» የሚል ድምፅ ተሰማ። ባዶ ወረቀት ማለት ነው፤ እመጣለሁ፣ እቆማለሁ፣ ግን ላንተ አልሰጥም። አብዛኛው ዐረብ መራጭ በመጨረሻ ፔሬስን ነው የመረጠው። ቢሆንም በመላ አገሪቱ፣ ከአይሁድም ከዐረብም፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ምርጫ ከገባው ወረቀት ወደ 5 በመቶ የሚጠጋው ባዶ ወይም የማይቆጠር ሆነ።

የራቢንም ነገር አለ። ራቢን ከተገደሉ ሰባት ወር አልሞላም፤ የአቮዳ ዘመቻ ግን ስለ ግድያው ብዙ አላነሳም። መሀል ሰፋሪውን መራጭ እንዳናስቀይም ተብሎ ነው። ሻማ ይዘው አደባባይ የተቀመጡት ወጣቶች፣ የአቮዳ ልብ የሆኑት፣ ዘመቻው ስለነሱ የሚያወራ አልመሰላቸውም።

ሜይ 26 በቴሌቪዥን አንድ ክርክር ተደረገ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ፔሬስ የደከሙ መሰሉ፤ ናታንያሁ ካሜራውን እያዩ ለሕዝቡ አወሩ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የሐባድ ሰዎች «ቢቢ ለአይሁድ ጥሩ ነው» የሚል ፖስተር በየመንገዱ ሰቀሉ። ሜይ 29 ማታ ካልፒው ሲዘጋ የቴሌቪዥኑ ግምት ፔሬስ አሸነፉ አለ። ጠዋት ሰው ሲነሳ ናታንያሁ አሸንፈዋል። «ከፔሬስ ጋር ተኛን፣ ከናታንያሁ ጋር ተነሣን» የሚባለው ከዚያን ቀን ነው።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ናታንያሁ 1,501,023፣ ፔሬስ 1,471,566። ልዩነቱ 29,457 ድምፅ ነው። 50.5 ለ 49.5። ያፎ ያለው ብሉምፊልድ ስታዲየም ከታደሰ በኋላ 29 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። አንድ ብሉምፊልድ ሙሉ ሰው ማለት ነው። እንዲህ በጠበበ ቁጥር «ምርጫውን የወሰነው ይሄ ነው» ማለት አይቻልም። ፒጉዓው ነው የሚል ትክክል ነው፤ ክርክሩ ነው የሚልም፤ ነጩ ፔቴክ ነው የሚልም። በጠባብ ምርጫ የተረሳ ሁሉ ወሳኝ ይሆናል። ትምህርቱ እሱ ነው።

ታዲያ እኛስ? ወደ ሰልፉ እንመለስ። የጃንዋሪውን ሰልፍ ከመሩት አንዱ አዲሱ መሰለ ነበሩ። በዚያው ዓመት በአቮዳ ዝርዝር ገብተው ክኔሴት ተመረጡ፤ ኢትዮጵያ ተወልዶ የክኔሴት አባል የሆነ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ጃንዋሪ ላይ በሩ ፊት ለፊት ውሃ የተረጨ ሕዝብ፣ ሜይ ላይ አንድ ልጁን በሩን አሻግሮ አስገባ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አናሳንሰው። ግን ሌላውንም እንይ። የሩሲያ ኦሊም በዚያው ምርጫ በናታን ሽራንስኪ የሚመራ የራሳቸውን ፓርቲ ይዘው ቀረቡ፤ 7 ወንበር አገኙ፣ መንግሥት ውስጥ ገቡ። እነሱ ብዙ ነበሩ፣ እኛ ጥቂት፤ ያ አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ማንም «የትም አይሄዱም» ሊላቸው አለመቻሉ ነው። ወዴት እንደሚሄዱ አይታወቅም ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ያናግራቸው ነበር።

ያቺን የኮሚሽን ቀን ልብ በሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የደሙ ጉዳይ ኮሚሽን ውስጥ ገባ፣ ምርጫው አለፈ፣ ሪፖርቱ ለሌላ መንግሥት ቀረበ። ኮሚሽን ማቋቋም ክፉ ነገር አይደለም። ግን ከምርጫ በፊት የተነሣ ጩኸት መልሱ ከምርጫ በኋላ እንዲሆን ሲደረግ፣ ጠያቂው እጁ ላይ የነበረው ጉልበት አልፏል።

አሁን ከመካከላችሁ «ጭንቀት ያለው መሪ ሁሌ ይሸነፋል ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ጎልዳ ሜየርን ውሰዱ። በ1973 የዮም ኪፑር ጦርነት ምርጫውን ከኦክቶበር ወደ ዲሴምበር 31 ገፋው። የጎልዳ ፓርቲ ከ56 ወደ 51 ወንበር ወረደ፣ ግን ቀደመ። ካልፒው አላወረዳቸውም፤ ከጦር ግንባር የተመለሱ ወታደሮች ሰልፍ እና የአግራናት ኮሚሽን ጫና ግን በኤፕሪል 1974 ከሥልጣን እንዲለቁ አደረጋቸው። ስለዚህ ምርጫ አንዱ በር ነው፣ ብቸኛው በር አይደለም።

ወላጆቻችን ደግሞ በሩ ጨርሶ የሌለበትን አገር ያውቃሉ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1987፣ ሰሜኑ በጦርነት እየነደደ፣ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ፤ 81 በመቶ ደገፈው ተባለ፤ በዚያው ዓመት ሸንጎው ፕሬዚዳንት አደረጋቸው። በ1988 አፋቤት ወደቀ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ምልክቶች እዩአቸው። በኖቬምበር 1989 በ1973 ከተቋረጠችው ከእስራኤል ጋር ግንኙነት ታደሰ። በማርች 1990 ሶሻሊዝሙ ተትቶ ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፣ ኢሠፓም ስሙን ቀየረ። ዜማ መቀየር፣ የውጭ ትከሻ መፈለግ፣ ያው ናቸው። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው፦ ሜይ 21 ቀን 1991 ሰውየው ወደ ዚምባብዌ ሸሹ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ዘመቻ ሰለሞን ተጀመረ፣ በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ወደዚህ መጡ። እዚያ ጭንቁ በሽሽት አለቀ። ፔሬስ ግን ተሸነፉ፣ ወንበሩን አስረከቡ፣ በክኔሴት ቆዩ፣ በ2007 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከወላጆቻችን አንዳንዱ ለምን ለምርጫ ቀን የክት ልብሱን እንደሚለብስ አሁን ይገባችኋል።

እንግዲህ እናንተ፣ አብዛኞቻችሁ ገና አንድ ወይ ሁለት ጊዜ የመረጣችሁ፣ ወይም ዘንድሮ የምትጀምሩ፣ ከዚህ ታሪክ ምን ትይዛላችሁ? ማንን ምረጡ አልልም፤ ያ የኔ ሥራ አይደለም። ግን በጦርነት ሰሞን ምረጡኝ የሚል ሰው ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ይህ ሰው ከአንድ ዓመት በፊት ምን ይል ነበር? ዜማው ከተቀየረ ምን አስፈራው? ሁለተኛ፣ የሚያሳየኝ የሠራውን ነው ወይስ አጠገቡ የቆመውን ሰው? ሦስተኛ፣ እኛን በየትኛው ደብተር ነው የጻፈን? ሊያሳምነን በሚፈልጋቸው ውስጥ ነው፣ ወይስ «የትም አይሄዱም» በሚላቸው ውስጥ?

ሦስተኛዋን ጥያቄ ፊት ለፊት ጠይቁ። ሰፈራችሁ ለሚመጣው እጩ፣ ማትናስ ውስጥ ቡና ለሚጠጣው፣ እንጀራ ይዞ ፎቶ ለሚነሳው። «የጠየቅነው ነገር መልሱ ከምርጫው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በሉት። ቀን ይንገራችሁ። ቀኑንም ጻፉት።

ለዛሬ ይኸው ነው። ወላጆቻችሁን በ1996 ጃንዋሪ ኢየሩሳሌም የሄደ ካለ ጠይቁልኝ፤ የሚነግሯችሁን ቅዱት፣ አስቀምጡት። እነሱ እያሉ ካልጠየቅን ታሪኩን ሌላ ሰው ይጽፈዋል። በሉ፣ ደህና ሁኑ፣ ሰላም ያገናኘን።